ቆዳ አቅራቢዎን ዝቃጩ የት እንደሚሄድ ይጠይቁት

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ 14 ሠራተኞች ያሉት የቆዳ ቦርሳ ማምረቻ አለኝ። አንድ የጀርመን ገዢ ትዕዛዝ ሊሰጠኝ ነው፤ መጀመሪያ ግን ስለ አቅራቢዎቼ ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚጠይቅ 46 ጥያቄ ያለው ቅጽ ላከልኝ። ከሁለት ቆዳ ፋብሪካዎች ፕሮፎርማ ወስጃለሁ። አንደኛው በካሬ ጫማ 14 ብር ይረክሳል፣ የሚያምር ብሮሸርም አለው፤ ትምህርት ቤት ማሠራቱን፣ ችግኝ መትከሉን፣ የአይኤስኦ 26000 ሰርተፊኬት ማግኘቱን ይገልጻል። ሁለተኛው ምንም ወረቀት አልሰጠኝም፤ ባለቤቱ ‹መጥተሽ እዪ› ብቻ ነው ያሉኝ። የትኛውን ልምረጥ? በምን መመዘኛ?»

ሰላም ለእርስዎ። ከብሮሸሩ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነውና።

አይኤስኦ 26000 ሰርተፊኬት የሚሰጥበት ደረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ መመሪያ ነው። አንድ ድርጅት ስለ ማኅበራዊ ኃላፊነቱ እንዴት እንደሚያስብ ያስረዳል እንጂ፣ እንደ ጥራት ደረጃው አይኤስኦ 9001 ወይም እንደ አካባቢ ጥበቃ ደረጃው 14001 ኦዲተር መጥቶ «አልፋችኋል» የሚልበት መስፈርት የለውም። ለሰርተፊኬት እንዳልተዘጋጀ ሰነዱ ራሱ ይናገራል። ታዲያ ፋብሪካው አጭበርብሯል ብዬ አልቸኩልም። ብዙ ጊዜ አማካሪ ነኝ የሚል ሰው ነው ማኅተም ያለበት ወረቀት አሳምሮ የሚሸጥላቸው። ደውለው «ሰርተፊኬቱን የሰጣችሁ ማነው?» ይበሉ። «አጣርተን እንነግርሻለን» ብለው በማግስቱ ከብሮሸሩ ካወጡት ጥሩ ምልክት ነው። ስልኩን ከዘጉብዎት ግን ሌላ ነገር ነግረውዎታል።

ትምህርት ቤቱና ችግኙ መልካም ሥራ ናቸው። እኛ አገር ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ይኸው ነው፦ ዴስክ፣ ችግኝ፣ ለበዓል ዘይትና ዱቄት፣ ከካሜራ ፊት ማዕድ ማጋራት። ገዢዎ የሚጠይቀው ግን ፋብሪካው ካተረፈው ላይ ስንቱን እንደሰጠ አይደለም፤ ትርፉ ከየት እንደመጣ ነው። ፍሳሹን ሳያጣራ ወንዝ ላይ የሚለቅ ፋብሪካ በየወሩ የማጣሪያውን የመብራትና የኬሚካል ወጪ ያተርፋል። ከዚያ ላይ ቀንሶ ዴስክ ቢገዛ፣ ዴስኩ የተገዛው ከወንዙ በታች ከብት በሚያጠጣው ገበሬ ገንዘብ ነው። እንግዲህ መመዘኛዎ ሁሉ ከዚህ ይነሳ።

ገዢዎ ይህን ሁሉ ለምን እንደሚጠይቅ ካወቁ ቅጹን መሙላት ይቀልዎታል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ፓኪስታን፣ ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጠለ። መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ፣ መውጫዎቹ የተቆለፉ ነበሩ፤ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። ኋላ የፓኪስታን ፍርድ ቤት እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ብሎ ሰዎች ላይ ፈርዷል፤ ያን ያህል ሰው የፈጀው ግን የተቆለፈው በር ነው። ይህ ፋብሪካ ኤስኤ 8000 የሚባለውን፣ በሠራተኛ መብትና ደኅንነት ላይ በጣም ከሚታመኑት አንዱ የሆነውን ሰርተፊኬት ካገኘ ገና ሳምንታት ብቻ ነበር። ዋናው ገዢ ደግሞ ኪክ የሚባለው በርካሽ ልብስ የሚታወቀው የጀርመን ኩባንያ ነው። በኪክ ላይ የቀረበው ክስ ጀርመን፣ ዶርትሙንድ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ፤ ፍርድ ቤቱ በ2019 ይርጋ አልፎበታል ብሎ ዘጋው። እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ከተደራረቡ በኋላ ጀርመን በ2021 የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ አወጣች፤ ኩባንያዎች አቅራቢዎቻቸው ሠራተኛንና አካባቢን እንዳይጎዱ እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ነው። ሕጉ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ 3,000 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2024 አንስቶ ደግሞ 1,000 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ላላቸው ኩባንያዎች ይሠራል። እርስዎ በ14 ሠራተኛ ሕጉ ቀጥታ አይመለከትዎትም። ገዢዎ ወይም ከገዢዎ የሚገዛው ትልቁ መደብር ግን ይመለከተዋል፤ 46ቱ ጥያቄዎች የመጡት ከዚያ ነው።

እኔ የትም ፋብሪካ ስገባ ከቢሮው በፊት የማየው የአደጋ ጊዜ መውጫውን ነው። በእጄ እገፋዋለሁ። አንድ ቦታ በሩ ላይ አረንጓዴ «መውጫ» ተለጥፎ፣ ከሥሩ ሰንሰለት ከነቁልፉ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ቁልፉ የት ነው? «ጥበቃው ጋ።» ጥበቃውስ? «ምሳ ወጥቷል።» 25 ደቂቃ ቆመን ጠበቅነው። ሲመጣ በእጁ ካለው የቁልፍ ጭፍራ የትኛው የዚያ በር እንደሆነ አላወቀውም፤ አንድ በአንድ እየሞከረ ስድስተኛው ላይ ከፈተው። ውስጥ 90 የሚሆኑ ሴቶች እየሰፉ ነበር። ሥራ አስኪያጁ «ዕቃ ስለሚሰረቅ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ይሰረቃል። ከዚያ ፋብሪካ ግዢ የጀመርነው በሩ ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈትና ሲከፈት የሚጮኽ ማንቂያ ከተገጠመለት በኋላ ነው።

ይህ ወደ መመዘኛው ያመጣናል። ብዙ ግዢ ክፍሎች ነገሩን ከመቶ ይደምሩታል፦ ጥራት 35፣ ዋጋ 30፣ ማስረከቢያ ጊዜ 15፣ ማኅበራዊና አካባቢያዊ ኃላፊነት 20። ሥርዓት ያለው ይመስላል። እስቲ ልጅ የሚያሠራ ፋብሪካን ያስገቡበት፤ ከ20ው ዜሮ ቢያገኝም ርካሽና ጥራት ያለው ከሆነ በ80 አንደኛ ሊወጣ ይችላል። ሒሳቡ ልጁን በዋጋ አቻቻለው ማለት ነው። ስለዚህ አንዳንድ ነገሮችን ከድምሩ ያውጧቸው። ለእኔ አራት ናቸው። ከዕድሜ በታች የሆነ ሠራተኛ ካለ፣ የሠራተኛ መታወቂያ ወይም ደመወዝ መያዣ ተደርጎ ከተቀመጠ፣ ሰው ውስጥ እያለ መውጫ ከተቆለፈ፣ ፍሳሽ በቀጥታ ወንዝ ከገባ ነጥብ የሚባል ነገር የለም። ወይ ይስተካከላል፣ ወይ ግዢ የለም። የቀረውን፣ የደመወዙን መጠን፣ የትርፍ ሰዓቱን፣ የሕፃናት ማቆያውን፣ የኃይል ምንጩን በነጥብ ያወዳድሩ።

ስለ ዕድሜ ሕጋችን ግልጽ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል፤ መቅጠር ይቻላል፣ ግን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊት ወይም በትርፍ ሰዓት ማሠራት አይቻልም። አደገኛ ሥራ ላይም አይመደብም፤ ከኬሚካል ድራም አጠገብ የ16 ዓመት ልጅ ካዩ «ዕድሜው ደርሷል» የሚለው መልስ አይበቃም።

ቆዳ ፋብሪካ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። በሞጆ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ የመኪናውን መስታወት ሳይዘጉ ሽታው ይቀድማል። ሰው ሽታውን ሰምቶ «እዚያ የሚሠራ ሰው እንዴት ይችለዋል» ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ሽታው ሲጠፋ ነው፤ ለምን እንደሆነ ልንገርዎ። ጥሬው ቆዳ ይዘፈዘፍና ጸጉሩ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ይለቀቃል። ኋላ ደግሞ በአሲድና በጨው ያልፍና ክሮም በሚባል ኬሚካል ይለፋል። የመጀመሪያው ፍሳሽ ሰልፋይድ አለው፣ የሁለተኛው አሲድ አለው። ሁለቱ አንድ ቦይ ውስጥ ከተገናኙ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይነሳል። ሲያንስ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፣ ሽታው የሄደ ይመስላል፣ ሰውየው ይወድቃል። ሊያወጣው የገባው ጓደኛውም እላዩ ላይ ይወድቃል። በዓለም ዙሪያ በቆዳ ፋብሪካ ጉድጓዶች ውስጥ ሰዎች ሁለትና ሦስት ሆነው የሚሞቱት በዚህ ነው።

ስለዚህ ሲጎበኙ ሁለቱ ፍሳሾች በተለያየ ቦይ መሄድ አለመሄዳቸውን ይጠይቁ። ቀጥሎ ጉድጓዱን ማን እንደሚጠርግ፣ ከመግባቱ በፊት ጋዙ በምን እንደሚለካ ይጠይቁ። መለኪያው ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ዕቃ ናት። «አለችን» ካሉ «አሳዩኝ» ይበሉ፤ ባትሪዋ መኖሩንም ይዩ።

የማጣሪያው ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በተለመደው አሠራር 1 ቶን ጥሬ ቆዳ አልፍቶ ለመጨረስ 30 ሜትር ኩብና ከዚያ በላይ ውኃ ይሄዳል። ከሚጨመረው ክሮም ውስጥም ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ቆዳው ውስጥ ሳይቀር ከውኃው ጋር ይወጣል። ሁሉም ፋብሪካ «ማጣሪያ አለን» ይልዎታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ኮንክሪቱ ቆሟል። ጥያቄው ይሠራል ወይ ነው። አንድ ጊዜ ያስጎበኘኝ መሐንዲስ ገንዳዎቹን በኩራት አሳየኝ፤ በቅርቡ ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። የኬሚካል መጨመሪያ ፓምፑ ጋ ስንደርስ ማብሪያው ሳጥን ላይ ሸረሪት ደህና ቤት ሠርታለች። «ዛሬ ብቻ ነው የቆመው» አለኝ። እኔም ሸረሪቷም ዝም አልን።

ሸረሪት ሁልጊዜ አትገኝም። ስለዚህ የምጠይቀው ስለ ዝቃጭ ነው። የሚሠራ ማጣሪያ የግድ ዝቃጭ ያወጣል፤ ከውኃው ያስቀረው ነገር የሆነ ቦታ መቀመጥ አለበት። «በወር ስንት መኪና ዝቃጭ ይወጣል? የት ይደፋል? ማን ይጭነዋል? የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አሳዩኝ።» ማጣሪያው የሚሠራ ከሆነ ይህ ጥያቄ ሰውየውን ደስ ያሰኘዋል፤ ምክንያቱም ዝቃጭ የዘወትር ራስ ምታቱ ነው፣ ቁጭ ብሎ ያማርርልዎታል። ማጣሪያው ጌጥ ከሆነ ግን መልሱ አጭር ነው፦ «ብዙም አይወጣም።» ያኔ ጨርሰዋል። «ገበሬ ለማዳበሪያ ይወስደዋል» ካሉ ደግሞ ክሮሙ ለብቻው ተለይቶ መያዙን ይጠይቁ፤ ክሮም ያለበት ዝቃጭ እርሻ ላይ የሚበተን ነገር አይደለም። ከዚህ ጋር የማጣሪያውን የኬሚካል ግዢና የመብራት ወጪ ለሦስት ወር ቢያዩ ሙሉ ሥዕል አለዎት። በወረቀት ላይ መዋሸት ቀላል ነው፤ ሦስት የማይተዋወቁ ወረቀቶች አንድ ዓይነት ውሸት እንዲናገሩ ማድረግ ግን ከባድ ነው።

የውጭ ማረጋገጫ ከፈለጉ ሌዘር ወርኪንግ ግሩፕ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተ ድርጅት አለ። ቆዳ ፋብሪካዎችን ኦዲት እያስደረገ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ የሚል ደረጃ ይሰጣል፤ ያለፉትን ፋብሪካዎች በድረ ገጹ ላይ ማየት ይቻላል። ፋብሪካው «አለን» ካለ ስሙንና ማብቂያ ቀኑን ራስዎ ይፈልጉ። ዋና ትኩረቱ አካባቢ ላይ መሆኑን ግን አይርሱ።

ለገበያዎ በቀጥታ የሚነካዎትም ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከሰው ገላ ጋር በሚነካካ ማንኛውም የቆዳ ዕቃ ላይ ሄክሳቫለንት ክሮም (ክሮም 6) የሚባለው ጎጂ የክሮም ዓይነት ከ3 ሚሊ ግራም በኪሎ እንዳይደርስ ከሜይ 2015 ጀምሮ ደንግጓል። ፋብሪካዎች የሚያለፉት በክሮም 3 ነው፤ ብዙም ጉዳት የለውም። ነገር ግን አሲዱን ለመግደል የሚጨመረው ነገር ከልክ ካለፈ፣ የሚጠቀሙት ዘይት ጥራት ከሌለው ወይም ቆዳው ሙቀት ውስጥ ከቆየ ከፊሉ ወደ ክሮም 6 ሊለወጥ ይችላል። በኔ ልምድ ፍሳሹን በቁጥር የሚያውቅ ፋብሪካ ቆዳው የሚለፋበት ድራም ውስጥ ያለውንም በቁጥር ያውቃል፤ በፍሳሹ የሚገምት በድራሙም ይገምታል። ለእያንዳንዱ ቀለም፣ ክሮም 6ን በሚለካው በአይኤስኦ 17075 ዘዴ የተሠራ የላቦራቶሪ ውጤት ይጠይቁ።

ወደ ሠራተኞቹ ልምጣ። ሠራተኛን አቁሞ «ደስተኛ ነህ?» ማለት ከንቱ ነው፤ አለቃው አጠገቡ ቆሞ ምን ይበል? እኔ የምጠቀመው ዘዴ መቁጠር ነው። ቀጣሪ በየወሩ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከራሱ 11 በመቶ ገቢ ያደርጋል፤ ደረሰኝና የስም ዝርዝር አለው። ፋብሪካውን ሲጎበኙ ዝም ብለው ሰው ይቁጠሩ። ደረሰኙ ላይ 60 ስም ካለ፣ እርስዎ ደግሞ 140 ሰው ከቆጠሩ 80ው ሰው ማነው? «የቀን ሠራተኞች ናቸው» ይባላል። እሺ፣ ከመቼ ጀምሮ? አንድ አባት ስምንት ዓመት «የቀን ሠራተኛ» ሆነው የሠሩበት ቦታ አይቻለሁ። የዓመት ፈቃድ የለም፣ የሕመም ፈቃድ የለም፣ ጡረታ የለም። የፋብሪካው ብሮሸር ላይ ግን የሥራ ጓንት አድርገው የሚስቁት እሳቸው ነበሩ።

ቅጹ ውስጥ «አቅራቢዎ የሕግ ዝቅተኛ ደመወዝ ይከፍላል?» የሚል እንደሚኖር እገምታለሁ፤ ሁሉም ቅጽ ላይ አለ። አብዛኛው ሰው «አዎ» ላይ ምልክት ያደርጋል። ስህተት ነው። በኢትዮጵያ በግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ነው የሚናገረው። ስለዚህ «አዎ» የሚለው መልስ ገዢውን ያሳስታል፣ ያወቀ ኦዲተር ሲያየው ደግሞ ሌላውን መልስዎን ሁሉ ይጠራጠራል። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ ሕጋዊ ወለል የለም፤ ዝቅተኛው ተከፋይ የተጣራ ይህን ያህል ብር ያገኛል፣ በከተማው አንድ ክፍል ቤት ኪራይ ይህን ያህል ነው። ገዢዎች እንዲህ ያለ መልስ ብዙ አያገኙም፤ ሲያገኙ ያስታውሱታል።

ትርፍ ሰዓትና ወሊድ ላይ አልቆይም፤ የሚታወቅ ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ባለፈው ዓመት ስንት ሴቶች የወሊድ ፈቃድ ወስደው ስንቱ እንደተመለሱ ይጠይቁ፤ ያችው አንዲት ቁጥር ትበቃለች።

አሁን ስለ 14 ብሩ። እስቲ አብረን እናስላው። አንድ የሴት ቦርሳ ከነብክነቱ 9 ካሬ ጫማ ይፈጃል እንበል፤ ልዩነቱ በቦርሳ 126 ብር ነው። ዛሬ ባለው ምንዛሪ አንድ ዩሮ አይሞላም። ቦርሳውን በስንት ዩሮ እንደሚሸጡት እርስዎ ያውቃሉ። አንድ ቀለም የክሮም 6 ምርመራ ወድቆ ጭነቱ ቢመለስ የሚያጡትን ከዚህ ጎን ያስቀምጡት። የአገር ውስጥ ገበያ ላይ ቢሆን 126 ብር ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ያኔ እንዲህ አልልዎትም ነበር።

«እኔ ትንሽ ገዢ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል?» ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፤ 46ቱን ጥያቄ ገልብጠው ለፋብሪካው ቢልኩ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያድራል። ስለዚህ አይላኩ። አምስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ የዝቃጩን ደረሰኝ፣ የጡረታውን ዝርዝር፣ የክሮም 6 ውጤት፣ የመጨረሻውን የአካባቢ ጥበቃ ቁጥጥር ሪፖርት፣ መውጫውን በር። እንደ እርስዎ ቦርሳና ጫማ የሚሠሩ ሦስት አራት ሰዎች ካሉ አብራችሁ ሂዱ። ለአንድ ሰው ጊዜ የማይሰጥ ሥራ አስኪያጅ ለአራት ደንበኛ ቡና ያስፈላል።

አንድ የማይወራ ነገር ልጨምር፤ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ግዢ ስሠራ ለስብሰባ የሚሆን 600 የቆዳ ማህደር ከአንድ ትንሽ ማምረቻ አዘዝኩ። እኔው ራሴ የአርማውን ቀለም ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ የማስረከቢያውን ቀን ግን አልቀየርኩም። ማክሰኞ ጠዋት ልረከብ ስሄድ ልጆቹ መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን አንጥፈው ተኝተው አገኘኋቸው፤ ሁለት ሌሊት ቤታቸው አልሄዱም። በቦርሳዬ ውስጥ «አቅራቢው ከመጠን ያለፈ ትርፍ ሰዓት ያሠራል?» የሚል ቅጽ ነበር። ያንን ትርፍ ሰዓት ያዘዝኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ፋብሪካውን ከመመዘንዎ በፊት ቀለም ስንት ጊዜ እንደሚቀይሩ፣ ቅድመ ክፍያ መቼ እንደሚሰጡ፣ በስንት ቀን እንደሚያጣድፉ ይጻፉ። ጀርመናዊው ገዢም ይህንኑ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት፤ ይደነግጣል እንጂ አይቆጣም።

ከቅጹ ጋር የሚመጣውን ውል በደንብ ያንብቡ። «በአቅርቦት ሰንሰለቴ በሙሉ ምንም ጥሰት እንደሌለ አረጋግጣለሁ» የሚል አንቀጽ ካለ አይፈርሙ። ሕጉ ግዴታውን የጣለው በኩባንያው ላይ ነው፤ ሞጆ ያለ ፋብሪካን ዋስትና አዲስ አበባ ያለች 14 ሠራተኛ ያላት ድርጅት ልትሸከም አትችልም። «የማውቀውን አሳውቃለሁ፣ ችግር ሳገኝ በ10 ቀን ውስጥ እጽፍላችኋለሁ» ብለው ይቀይሩት። ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ከፋብሪካው በስተጀርባ ስላለው፣ ከበዓል በኋላ ከየቤቱ ስለሚሰበሰበው ጥሬ ቆዳ ከጠየቁዎት ደግሞ እውነቱን ይጻፉ፦ ከቄራ የሚመጣውን መከተል ይቻላል፣ ከየሰፈሩ የሚለቀመውን ግን እስከ በጉ ድረስ መከተል አልተቻለም።

ማስቲሽ፣ ዚፕና ገበር ላይ ብዙ አይድከሙ፤ ከመርካቶ ከነጋዴ ገዝተው ፋብሪካውን መመርመር አይችሉም። ይልቅ ማስቲሹ የሚቀባበት የራስዎ ክፍል መስኮት አለው ወይ? ቶሉይን የሚባል ማሟሚያ ያለው ማስቲሽ ቀኑን ሙሉ የምትቀባ ልጅ ማታ ራሷን ያማታል። ኦዲተሩ ከሁሉ በፊት የሚያየው ያንን ነው። በቤታቸው የሚሰፉልዎት ሴቶች ካሉም ስማቸውንና የከፈሉትን በደብተር ይያዙ፤ ቅጹ ላይ አይደብቋቸው።

የትኛው ፋብሪካ? ካልተሳሳትኩ ሁለተኛው ነው። «መጥተሽ እዪ» ያለ ሰው የሚያሳየው ነገር አለው፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይሞክሩት። የመጀመሪያውንም ግን አያባርሩት። ስለ አይኤስኦው ጠይቀው መልሱን ይጠብቁ፤ አምስቱን ነገር ካሳየዎት ግማሹን ትዕዛዝ መስጠት ይችላሉ፤ በአንድ አቅራቢ ላይ ብቻ መንጠልጠልም ጥሩ አይደለም። ያላለፈው ነገር ካለ ምን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚያስተካክል በወረቀት ተፈራረሙ። ገዢ ሁሉ ዝም ብሎ ሲሸሽ ፋብሪካው የሚያስተካክልበት ምክንያት አያገኝም፤ እዚያ የሚሠሩት ሰዎችም ሥራቸውን ብቻ ነው የሚያጡት።

ሲሄዱ መጀመሪያ በቀጠሮ ይሂዱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ «የቀለም ናሙና ረስቼ ነበር» ብለው ሳይደውሉ ብቅ ይበሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል፣ ቢሮ ሳይሆን በማጣሪያው በኩል ይግቡ። ቦቲ ይያዙ፤ ወለሉ እርጥብ ነው።